የላይ በርና የታች በር

ጥር 12

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለአባ ዝምታ፤

አዎ፣ እውነት ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር አልዋሸህም፤ የታች በርህ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል። የኔን የላይ በር ማንም አልነካውም።

አሥራ ሁለት ዓመት ተኮራርፈን ከርመን የመጀመሪያ ደብዳቤህ አራት ቃል! ቆጥሬዋለሁ። «በሬ ላይ ምን ተቀባ?» መጀመሪያ ሳነበው፣ ይኼ ሰውዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ከብት የገዛው ብዬ ነበር። ኋላ ነው በርህን ማለትህ እንደሆነ የገባኝ። ስቄ ስቄ የምሰፋውን ሱሪ ከራሴ ቀሚስ ጋር አንድ ላይ ሰፋሁት። ደንበኛዬ ሱሪዬን አምጪ ሲል ተከትዬው ልሄድ ምንም አልቀረኝ። ይኸው እንደምን አለህ እንኳ ሳልልህ ወሬ ጀመርኩ። እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ባልሆን ከተማው ጸጥ ይል ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ታች ያለው የአውቶቡስ መዞሪያ ሊሰፋ ነው። ኤክሱን ያየሁ ዕለት ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ መዝገብ ቤት ወረድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። «ግንባርሽ ላይ ነው» አልኳት፤ ከዚያ በኋላ ወደደችኝ። ፋይሉን አወጣችና አነበበችልኝ። ቁጥር 61፣ በሩ በላይኛው መንገድ፣ ነዋሪዋ ልብስ ሰፊ። ቁጥር 14፣ በሩ በታችኛው መንገድ፣ ባዶ፣ ነዋሪ የሌለው።

«የኔ እመቤት፣ ይኼ እኮ አንድ ቤት ነው» አልኳት። «ዳገቱ ላይ ስለተቀመጠ ነው። በላይኛው መንገድ የመጣ የኔን ክፍል ያያል፤ በታችኛው የመጣ የወንድሜን። የእሱ ጣሪያ የኔ ወለል ነው።»

«በመሃል መተላለፊያ አለ?»

ዝም አልኩ። (እኔ ዝም አልኩ! ለማንም እንዳትናገር፣ ስሜ ይጠፋል።)

«አሥራ ሰባት ደረጃ ነበር» አልኳት። «ወንድሜ አናቱ ላይ በግንብ ዘጋው።»

«እንግዲያው ሁለት ቤት ነዋ!»

«ቀሚስ ወገቡ ላይ ቀበቶ ስለታሰረበት ሁለት ልብስ ይሆናል? ታችኛውን ብታነሡት ላይኛው ምን ላይ ሊቆም ነው?»

ሳቀች፤ ግን ሳቅ ፋይል አያስተካክልም። ያለችኝን ልንገርህ። ባዶና ለብቻው የቆመ ቤት ይፈርሳል። ሰው ያለበት አንድ ቤት ከሆነ ግን መዞሪያው በአሮጌው መጋዘን በኩል ወዳለው ባዶ ቦታ ሊዞር ይችላል። መሐንዲሱ መጋቢት 10 መጥቶ በዓይኑ ያያል፤ ያየውን ይጽፋል፣ የጻፈው ይጸናል።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ግንቡን ልክፈተው? አባታችን ላዩን ለኔ፣ ታቹን ላንተ ብሎ ነው ያለፈው፤ ያለ ፈቃድህ አንዲት ጠጠር አልነካም። አባታችን ግንብ ያቀናበት ስለነበረው ቱምቢ የተባባልነውን ግን አላነሣም። ልሸሸው ብዬ አይደለም፣ ወረቀቱ ስላለቀ ነው።

እህትህ፣ አሁንም ሬዲዮ የሚሏት


ጥር 20

እታለም፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ክፈችው።

እንዳገኘሽ አትምቺው፤ ላዩ ይናድብሻል። ከወለሉ አራተኛው ረድፍ፣ ከቀኝ ሁለተኛው ድንጋይ ሲሚንቶ የለውም። በሱ ጀምሪ። እሱ ከወጣ ዲጂኖ መግቢያ ያገኛል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እያልሽ አንሺ።

መምጣት አልችልም። ሥራ በዝቷል።

ወንድምሽ


ጥር 27

ወንድሜ፤

ቀኝ? የማን ቀኝ? አንተ ሰውዬ ሜዳ ላይ ኖረህ ኖረህ ጉድ ሆንክ እኮ! በኛ ከተማ ከመቼ ወዲህ ነው ቀኝና ግራ ያለው? እዚህ ያለው ላይና ታች፣ የወንዙ በኩልና የገደሉ በኩል ነው፤ አለቀ። እኔ እስከ ዛሬ እጅጌ ስለካ «የወንዝ እጅህን አንሣ» ነው የምለው፤ ማንም ተሳስቶ የገደሉን አንሥቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ ከውጭ የመጣ አስተማሪ ብቻ ነው ሁለቱንም እጁን አንሥቶ «ምን አጠፋሁ?» ያለኝ።

የሆነውን ስማ። ግንቡን በኔ በኩል ለስኜ፣ ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ ትልቁን መስታወቴን ሰቅዬበት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ከተማው ሁሉ ልብሱን ሲለካ በኛ ኩርፊያ ላይ ራሱን ሲያይ ኖረ። መስታወቱን አወረድኩ፣ ልስኑን ፋቅሁ፣ አራተኛው ረድፍ ወጣ። ቀኝ እጄን አየሁት፤ ከገደሉ በኩል ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ድንጋይ ይዤ መምታት። ጠዋት ጀመርኩ፣ እኩለ ቀን ላይ መሮው ተጣመመ፣ ከሰዓት ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪው ዲጂኖውን ይዞ መጣ። ግማሽ ሰዓት ታገለና ቁጭ አለ።

«ይኼን የሠራው ማነው?» አለኝ።

«ወንድሜ፣ በኩርፊያ» አልኩት።

«ሰው ተናዶ ሲሠራ ያበላሻል። ይኼ ሰውዬ ደህና ሲሆን ምን ሊሠራ ነው?»

አየህ፣ ያን ዕለት «አንተ ግንብ እንጂ ቤት አትሠራም» ያልኩህ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ግማሽ ውሸት ነበር። የመጀመሪያው ግን ይኸው በዲጂኖ ተመሰከረ!

ማታ እጄን ቅባት እየቀባሁ ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩት። «ሲሚንቶ የለውም» ትላለህ። ቀኝና ግራውን ትቼ እዚያ ቃል ላይ ቆምኩ። ተናደህ፣ ዓይንህ ደም ለብሶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስትክብ፣ አንዱን ያለ ሲሚንቶ አስቀመጥከው? የዚያኑ ዕለት? እኔ ደግሞ ለስኜ ቀባሁበት!

አልጠይቅህም። ማለቴ ዛሬ አልጠይቅህም። የየትኛው በኩል ቀኝ እንደሆነ ብቻ ጻፍልኝ፤ መጋቢት 10 እየሮጠ ነው።

እህትህ


የካቲት 3

እታለም፤

የወንዙ በኩል። እኔ በደረጃው በኩል ቆሜ ነው የሠራሁት፤ ቀኙ የኔ ቀኝ ነው። ሜዳ ላይ ስኖር አፌ ተበላሸ፤ ይቅርታ።

ከድንጋዩ ጀርባ እጅሽን አስገቢ።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ወንድሜ፣ የኔ ጌታ፤

ወጣ። ከአራት ቀን በፊት፣ በሁለት ጣቴ። እርጥበት እንደያዘው መሳቢያ ትንሽ አንገራገረና ወጣ። እጄን አስገባሁ፤ ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ክር የተጠመጠመበት ነገር ያዝኩ።

የአባታችን ቱምቢ!

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ በሞተ ሳምንት «አንተ ነህ የሰወርከው፣ ልትሸጠው ነው» ብዬ በሰው ፊት ያዋረድኩህ ቱምቢ። አንተም አልወሰድኩም አላልክም፣ ወስጃለሁም አላልክም። ሲሚንቶ አቦካህ፤ በቃ። አሁን ገባኝ። ወስደኸው ነበር፤ ግን የወሰድከው ወደ መሃላችን ነው። ላንተም አልሆነ ለኔም፤ በላይና በታች መካከል አስቀመጥከው። አፍ የለህም እንጂ ይኼንን በቃል ብትናገረው ኖሮ የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር! ደግሞም እኔ አፌን ብዘጋ ኖሮ የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር። ይቅርታ ወንድሜ። ሌላ ነገር ሳልጨምርበት እዚህ ላይ አቆመዋለሁ። ይቅርታ።

(ማቆሜን አየህ? እድሜ ያስተምራል።)

ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ሆነን ከላይ ወደ ታች ድንጋዩን ሁሉ አነሣን፤ በራፉ ተከፈተ። አሥራ ሰባቱም ደረጃ እንዳለ ነው። በማግስቱ ወርጄ የታች በርህን ከውስጥ ስከፍት የሆነውን ብታይ! ጠዋት ስለነበር ጉሙ ከወንዙ እየተነሣ ነው። በታች በር ገባ፤ በደረጃው ወጣ፤ በስፌት መኪናዬ ላይ አልፎ በላይ በር ወደ መንገዱ ወጣ። ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ! ልጆች ሆነን «እንግዳው ገባ፣ እንግዳው ወጣ» እያልን የምንሮጠው ትዝ ይልሃል? ለካ ከተማው ሲገነባ ለጉሙም መንገድ አስበውለት ነበር፤ እኛ ነን የዘጋንበት።

ክፍልህ ደህና ነው። አቧራውን ሦስት ቀን ጠረግሁ። የአባታችን አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጥሯል፤ ዳገት ላይ ስለሆነ አያስታውቅም። ታች ደጃፍህ ላይ ደግሞ ከላይ መንገድ የተንከባለለ ነገር ሁሉ እንደ ድሮው ይከማቻል። ዛሬ ጠዋት ብቻ አራት ድንች፣ አንድ ሎሚና የማላውቀው ሰው ባርኔጣ አገኘሁ። ባለቤቶቹ ተራ በተራ እየወረዱ ወሰዱ፤ ባርኔጣው ግን ጠያቂ የለውም። ላንተ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ትናንት ሹፌሩ ባመጣልኝ ቁራጭ ወረቀት «ከማቆሚያው እስከ በሬ ስንት እርምጃ ነው? ደረጃ አለው?» ብለህ የጠየቅኸኝን ልመልስ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ታች በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ሁሉም ሜዳ፣ ደረጃ የለውም፣ ደፉም ዝቅ ያለ ነው።

እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ይኼን ይጠይቃል? ድሮ ያንን መንገድ በሁለት ዝላይ ትጨርሰው ነበር። ደግሞም ጥር ውስጥ «ሥራ በዝቷል» ያልከኝን ሹፌሩን ጠይቄ ነበር። «ሥራ ላይ አላየሁትም፤ ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎችሽን ያደረስኩት ቤቱ ነው» አለኝና ሬዲዮኑን ከፈተ። የመኪናውን ማለቴ ነው።

የትኛው እግርህ ነው? በቀኝና በግራ እንዳትነግረኝ ብቻ።

እህትህ


የካቲት 16

እታለም፤

የወንዙ እግር ነው። ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ ስቆም ማለት ነው።

ዓመት አለፈው። ከመወጣጫ ላይ ወደቅሁ። ድኛለሁ፤ ግን አይታጠፍም። በምርኩዝ ነው የምሄደው። ያልነገርኩሽ ምን ብዬ ልንገርሽ ብዬ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልጻፈ ሰው ሲሰበር ከጻፈ ልመና ይመስላል። የበሩን ወሬ ስሰማ ሰበብ አገኘሁ፤ ጻፍኩ።

ከአሁን በኋላ ግንበኛ አይደለሁም። እዚያ ዳገት ላይ ምርኩዝ የያዘ ሰው ምን ይሠራል? ደግሞ ታች ቁጭ ብዬ አንቺ ምግብ ይዘሽ አሥራ ሰባት ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ማየት አልፈልግም። ክፍሉን ለፈለግሽው ስጪው። ሰው ካለበት ይበቃል ብለሻል።

ይኼን ያህል ጽፌ አላውቅም። ደከመኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 22

ወንድሜ፤

ሰማንያ ቃል! ቆጥሬዋለሁ። ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት ልትከፍት ነው።

አልቅሻለሁ፤ ጨርሻለሁ። አሁን የምነግርህን ስማ፣ ደግሜ አልነግርህም (እነግርሃለሁ፣ ታውቀኛለህ)።

አንደኛ ነገር፣ ክፍሉን ለማንም አልሰጥም። ፋይሉ ላይ ስምህ ነው ያለው፤ መሐንዲሱ ሲመጣ ማግኘት ያለበት ባለቤቱን ነው። ምግብ ይዘሽ ስትወጪ ስትወርጂ ላልከው ደግሞ፣ ማን ነገረህ? አንተ ከአባታችን የተማርከው ግንብ ብቻ ነው እንዴ? ወጥ ስትሠራ ከኔ ትሻል ነበር። እኔ ነኝ ወርጄ የምበላው።

ደግሞ ግንበኛ አይደለሁም ትላለህ። የተሰበረው እግርህ ነው ወይስ ዓይንህ? ይቺ ከተማ እኮ የቆመችው በግንብ ላይ ነው፤ የአንዱ ሰው ግቢ የሌላው ሰው ጣሪያ፣ መሃላቸው ደጋፊ ግንብ። ዘንድሮ የዳቦ ጋጋሪው ግንብ እንደ ሆዱ ተነፍቷል። የትምህርት ቤቱ ጓሮም ሆዱን ገፍቷል። ወጣቶቹ ግንበኞች ድንጋይ ማንሣት ያውቃሉ፤ ግንቡ የት ጋ እንደታመመ ግን አያዩም። አባታችን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ድንጋይ መቼ አነሣ? ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቱምቢውን ይዞ «እሷን አውጣት፣ ያቺን መልሳት» ነበር የሚለው። ዳቦ ጋጋሪው ትናንት ምን አለኝ መሰለህ? «ያንን የኩርፊያ ግንብ የሠራው ሰውዬ ሲመጣ ከማንም በፊት እኔ ነኝ። በምርኩዝም ይምጣ፣ በአልጋም ይምጣ።» ሰልፍ ይዘውልሃል፤ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እኔ ጽፌያቸዋለሁ።

ልመና ይመስላል አልክ። እኔ ልለምንህ እንግዲህ፤ ያኔ ለማኙ አንተ አይደለህም። ና። እኔ ከላይ ነኝ፤ ታቹ ከፈረሰ እኔም እወድቃለሁ። ይኼ ምሳሌ አይደለም፣ ቤቱ የተሠራው እንዲህ ነው።

ሹፌሩ መጋቢት 8 ከፊት ያለውን ወንበር ይዞልሃል። እግርህን የምትዘረጋበት።

እህትህ


መጋቢት 11
ከላይ በር ወደ ታች በር

ወንድሜ፤

እንደምን አደርክ? ስታስል ሰምቼሃለሁ፤ ትንሽ ነው፣ ጉሙ ነው።

አንተ እዚያ ታች፣ እኔ እዚህ ላይ ሆነን ለምን ትጽፊያለሽ እንዳትለኝ። እጄ ለመደ። ደግሞ ትናንት አንተ ያየኸው የታቹን ብቻ ነው፤ የላዩን ማን ይንገርህ?

መሐንዲሱ በላይ በር ነው የገባው። ልጅ እግር ነው፣ ጫማው አዲስ፣ ዳገቱ ላብ በላብ አድርጎታል። ወረቀቱ ላይ «61» ብሎ ጽፎ ጨርሷል። «እናቴ፣ ታች ያለውን አይቼ እመለሳለሁ፤ በየት ነው የሚዞረው?» አለኝ።

«መዞር ምን ያስፈልጋል?» ብዬ ያንን በራፍ አሳየሁት።

ደፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ። ቱምቢውን ከኔ ጣሪያ ወራጅ ላይ አስሬ በደረጃው ክፍተት እስካንተ ወለል ድረስ ለቅቄው ነበር፤ ይኼን ታውቃለህ፣ ክሩን ያስረዘምከው አንተ ነህ። የማታውቀው የልጁን ፊት ነው። እጁን ወደ ክሩ ሲሰድ ከታች ያንተ ድምፅ መጣ፤

«አይነኩት! ገና አልረጋም።»

እጁን ሰበሰበ። ምኑን መሐንዲስ ሆነ፣ እንደ ተማሪ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም ዋጥኩ። ሦስታችንም ዝም ብለን አንዲት ክር ስትረጋ ጠበቅን። ዕድሜዬን በሙሉ እንደ ትናንቱ ረጅም ዝምታ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ደግሞ አልከበደኝም!

ስትረጋ፣ «ከላይኛው ጣሪያ እስከ ታችኛው ወለል አንድ ክር» አለ ለራሱ። ከዚያ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቃለህ። ብቻ ስለ ግንብ ምን ብላችሁ ነው ያን ሁሉ ሰዓት የቆያችሁት? እኔ ሁለት ጊዜ ሻይ አፈላሁ። ተመልሶ ሲመጣ ወረቀቱን አሳየኝ። 14ን ሰርዞ፣ 61ን ሰርዞ፣ «አንድ ቤት፣ ሁለት በር፣ ነዋሪዎች እህትና ወንድም» ብሎ ጽፏል። መዞሪያው በመጋዘኑ በኩል ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማኅተሙን ከመታች በኋላ፣ «ኤክሱን ግን እናንተው አጥፉት፣ እኛ ቀለም የለንም» አለችኝ። እኔ ቀለም አለኝ፣ ነጭ፤ ከዚያ ከግንቡ የተረፈው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ጥር ላይ አልጠይቅህም ያልኩህን ነው። ያን ዕለት፣ ያንን ሁሉ ስሰድብህ፣ ድንጋዩን ለምን ያለ ሲሚንቶ ተውከው?

ይኼንን ደብዳቤ በቱምቢው ክር አስሬ ነው የማወርድልህ። ሹፌሩ ቢሰማ ሥራውን ቀማሁት።

እህትህ፣ ከላይ


መጋቢት 11
ከታች

እታለም፤

ደብዳቤሽ ከብዶ ቱምቢውን ወለል አስነካው። ስንት ገጽ ነው?

የጠየቅሽኝን በወረቀት አልችለውም። የታች በራችንን ዘግቼ መልሱን በአፌ ይዤ እየወጣሁ ነው። አሥራ ሰባት ደረጃ ነው፤ በየደረጃው አርፋለሁ። እንዳትወርጂ። እንዳትረጂኝም።

ሻዩን ሦስተኛ ጊዜ አፍይው፤ ዛሬ እኔ ነኝ የማወራው።